ልጄ የቀመሰውና ያልቀመሰው ወይን

መርዶዬን የሰማሁት ጥር 2 ቀን 1957 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ነው። ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳላጥፍ የጎጃም በረንዳ ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ወደ ቤቴ ገቡ። ማንም ተቀመጡ ሳይላቸው ተቀመጡ። የነፍስ አባቴ ቄስ ገብረ ኢየሱስ መጨረሻ መጡ። ከኋላቸው ዘቢብ የሚያስመጣው ግሪኩ ነጋዴ ሙሴ ፓንዴሊ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሙሴ ፓንዴሊ ዘቢብ ሲያስረክበኝ አሥራ አራት ዓመት ሆነው፤ ቤቴ ግን ገብቶ አያውቅም።

ቄሱ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ «ልጄ የሞተው መቼ ነው?» አልኳቸው።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ማን ነገረሽ?» አሉ።

ማንም አልነገረኝም። እኔ በመርካቶ ለአብያተ ክርስቲያናት ዘቢብ እየለቀምኩ የምሸጥ ሴት ነኝ። ዘቢብ ሲለቀም ዓይን ይታለላል፤ ጠጠሩ ፍሬ ይመስላል። እጅ ግን ይለየዋል። ከጥቅምት ጀምሮ የመጡልኝን ደብዳቤዎች እንደዚያው ነው የለቀምኳቸው።

ልጄ ብርሃኔ ይባላል። ሁለት ወልጄ የቀረልኝ እሱ ነበር። ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ በርበሬ በረንዳ በጓደኛዬ በጠሂራ ሱቅ ሠራ። ሥራው ማሽተት ነው። በርበሬ በጆንያ ሲመጣ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅሉ ነጋዴዎች አሉ። ብርሃኔ እፍኝ አንሥቶ ካሸተተ በኋላ «ይሄ ለወጥ አይሆንም፣ ቤት ይሠራበት» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። ሙሴ ፓንዴሊ ይህን አየ። ወንድሙ በግሪክ አገር፣ ኔሜያ በምትባል ስፍራ የወይን መጥመቂያ አለው። «ብርሃኔ ጥሩ ናት፣ አፍንጫዋ ወርቅ ናት» አለኝ። አማርኛው እንዲህ ነው፤ ወንዱን ሁሉ ሴት ያደርገዋል። ልጄ ተምሮ ይመለስና እዚህ አብረው ወይን ይጠምቃሉ ተባለ። በጥር 1956 ሄደ።

ብርሃኔ ፊደል ቢለይም ለመጻፍ እጁ አይታዘዘውም። የአባቴ ወንድም የልጅ ልጅ የሆነው ዲያቆን ኃይለየሱስ ለትምህርት አቴና ነበረ። አልፎ አልፎ በአውቶቡስ እየሄደ ይጠይቀውና ያለውን ይጽፍልኛል። ደብዳቤዎቹን እንዳሉ አስቀምጫለሁ። ሰላምታቸውንም አላሳጠርኩም፤ ሰላምታውም ምስክር ነው።

*

አቴና፣ ግንቦት 6 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ በለጥሻቸው፣

ትንሣኤውን ያሳየን አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልኝ። እኔ በጸሎትዎ ደኅና ነኝ። ብርሃኔም ደኅና ነው፤ እንዲያውም ወፍሯል።

ለፋሲካ ወደ ኔሜያ ወርጄ ሁለት ቀን አብሬው ሰነበትሁ። የሙሴ ፓንዴሊ ወንድም በርሜል ከማጠብ አውጥተው ቀማሽ አድርገውታል። ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍልኝ ስላለኝ እንዲህ ብሏል፦

«እማዬ፣ እዚህ ቀይ ወይን አለ። ስሙ የቅዱስ ጊዮርጊስ ወይን ነው፤ ቀልዴን አይደለም፤ በአገሩ ቋንቋ አዮርጊቲኮ ይሉታል። ፍሬው ጥቁር፣ ልጣጩ ወፍራም ነው። አፍንጫሽን ስታስጠጊው የእትዬ ጠሂራ ሱቅ በጠዋት ሲከፈት ነው። ኮረሪማው ይቀድማል፣ ቅርንፉዱ ይከተላል። ስትውጪው ምላስሽን እንዳልበሰለ ኮክ ጭምድድ ያደርገዋል። ይህ ለበግ ወጥ ነው። ለዶሮ ወጥ ግን አይሆንም። ቁሌቱም ይናገራል፣ ወይኑም ይናገራል፤ ከሁለት አንዱ ዝም ማለት አለበት።

ነጩ ደግሞ ቀላ ካለ ፍሬ ነው የሚወጣው። ሞስኮፊሌሮ ይባላል። ሲያሸቱት ጽጌረዳ፣ ሲቀምሱት ሎሚ። ፊት እየሳቀ ኋላ የሚነክስ ነጋዴ በይው። ይሄኛው ለአዚፋ ነው። ሰናፍጩ አፍንጫ ሲወጋ ወይኑ ያበርደዋል። እዚህ አዚፋ የለም፤ እኔ ግን በሐሳቤ በላሁት።»

እንዲህ ሲል ጌትዮው ይስቃሉ፤ ግን እያስተረጎሙ በደብተር ይጽፉታል። ጥቂት ኮረሪማና በሶብላ ቢልኩለት ደስ ይለዋል።

የዘወትር ታዛዥዎ፣ ዲያቆን ኃይለየሱስ

*

አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ፣ ሰኔ 10 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለልጄ ለዲያቆን ኃይለየሱስ፣

እንደምን ከረምክ? ያሰብከውን ያስፈጽምህ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ክረምቱ መግባቱ ነው፣ ጉልበቴን ብቻ ያመኛል።

ደብዳቤህን ለጠሂራ አነበብኩላት። እንዲህ አለች፦ «እኔ ሐራም ነውና ወይን ቀምሼ አላውቅም። ልጅሽ ግን ሱቄን በጠርሙስ አሽጎ ለፈረንጅ እየሸጠ ነው። ኪራይ ይላክልኝ።» ይህን ንገረውና ይሳቅ።

አሁን የምጠይቅህን በእውነት መልስልኝ። ወፍሯል ያልከው በምግብ ነው በመጠጥ? ቀማሽ ማለትና ጠጪ ማለት በምን ይለያያሉ? ሲቀምስ ይውጠዋል ወይስ ይተፋዋል? አባቱ በጠጅ እንደተጎዳ ታውቃለህ። ረቡዕና ዓርብንስ ይጾማል? አዚፋውን ያነሣው ጾም ይዞ ከሆነ ደስ ይለኛል።

ኮረሪማውን በፖስታ ልኬያለሁ። በሶብላው ከጠሂራ ነው።

ያንተው፣ በለጥሻቸው

*

አቴና፣ ነሐሴ 20 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ በለጥሻቸው፣

ጾመ ፍልሰታን በሰላም አስፈጽሞ ለዚህ ያደረሰን ይመስገን። የላኩት ደርሷል። ብርሃኔ ኮረሪማውን ጌትዮው እንዲያሸቱት ሰጥቶ «በቀዩ ወይናችሁ ውስጥ ያለው ይህ ነው» ብሎ አስገርሟቸዋል።

ስለ ጠየቁኝ በእውነት እመልሳለሁ። ይተፋዋል። የሚተፋበት የቆርቆሮ ባልዲ አለው። ፍልሰታንም ጾሟል። የሚከተለው የራሱ ቃል ነው፦

«እማዬ፣ አትጠራጠሪኝ። በቀን ሃያ ጊዜ ቀምሼ ሃያ ጊዜ እተፋለሁ፤ የወፈርኩት በዳቦ ነው። እዚህ አንድ ወይን አለ፣ የጥድ ሙጫ ይጨምሩበታል። ሬቺና ይሉታል። ቅዳሴ ላይ ጽናው በፊትሽ ሲያልፍ አፍሽን ከፍተሽ መቆም ማለት ነው። ከተጠበሰ ዓሣና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይወዱታል። እኔ፣ ዕጣን ይሸተታል እንጂ አይጠጣም አልኳቸው።

ሌላው ማቭሮዳፍኒ ነው። ጥቁርና ጣፋጭ ነው፣ ለቁርባን የሚያውሉት። እሱን ስቀምስ ዕንባዬ መጣ። አንቺ ከምትለቅሚው ጆንያ ታች የሚቀረው፣ እርስ በርሱ የተጣበቀው ዘቢብ ነው። ከየትኛው ምግብ ጋር ይሄዳል ሲሉኝ ከምንም አልኩ። ይህ ብቻውን ነው።»

በመስከረም የወይን ለቀማ ስለሚጀመር ሥራ ይበዛበታል። የተጨመቀው ወይን ከምድር በታች ባለ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚፈላው። እኔም ፈተና ስላለብኝ እስከ ጥቅምት አላየውም። ብንዘገይ አይስጉ።

ታዛዥዎ፣ ዲያቆን ኃይለየሱስ

*

አዲስ ከተማ፣ መስከረም 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለዲያቆን ኃይለየሱስ፣

ዘመነ ዮሐንስ አልፎ ዘመነ ማቴዎስ ገብቷልና እንኳን አደረሰህ፤ ብርሃኔንም እንኳን አደረሰህ በልልኝ። ይተፋዋል ያልከኝን ሰምቼ እፎይ ብያለሁ።

ጉድጓድ ያልከው አልገባኝም። ጥልቅ ነው? ልጄ ይገባበታል? እኛ ጠጅ ስንጥል በጋን ነው፤ ሰው የሚገባበት መጠጥ አላውቅም። ይህን ጻፍልኝ።

በለጥሻቸው

*

አዲስ ከተማ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለዲያቆን ኃይለየሱስ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ወር ሙሉ ጠበቅሁ፤ መልስ የለም። አይስጉ ብለሃል፤ አልሰጋሁም ነበር። ግን ባለፈው ሐሙስ ሙሴ ፓንዴሊ ዘንድ ሄጄ «ከወንድምህ ወሬ አለ?» አልኩት። ሚዛኑን እያየ «ሥራ ብዙ ናት» አለኝ። «ብርሃኔስ?» አልኩት። «ብርሃኔ ጥሩ ልጅ ነበረች» አለ።

ነበረች አለኝ። አማርኛው ነው ብዬ ተውኩት። ወንዱን ሴት የሚያደርግ ሰው ያለውን ነበረ ቢለው ምን ይደንቃል? ግን ሌላ ጊዜ እንዲህ አይልም። ናት ነው የሚለው።

ብርሃኔ ታሞ ከሆነ ንገረኝ። ታሟል ብትለኝ አልሞትም።

በለጥሻቸው

*

አቴና፣ ጥቅምት 22 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት፣ ለቤተሰባችን ምሰሶ፣ እንደ ወላጅ እናቴ ለማይዎት ለክብርት እትዬ በለጥሻቸው፣

የአብርሃም የይስሐቅ የያዕቆብ አምላክ ከእርስዎ ጋር ይሁን። ጤናዎን፣ ዕድሜዎን፣ ብርታቱንና ጽናቱን ያብዛልዎት። የእመቤታችን አማላጅነት አይለይዎት። እኔ ደኅና ነኝ።

የዘገየሁት በፈተና ምክንያት ነው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ብርሃኔ በመከሩ ሥራ ተጠምዷል። ስለ ጉድጓዱ የጠየቁኝ ምንም አይደለም፤ እንደ ምድር ቤት ያለ ነው። ስለ ዘንድሮው ወይን እንዲህ ብሏል፦

«የዘንድሮው ቀይ ወይን መልካም ነው። የቼሪና የቫኒላ መዓዛ አለው። ለስላሳ፣ ሚዛኑን የጠበቀና በአፍ ውስጥ የሚቆይ ነው። ከተጠበሰ ቀይ ሥጋና ከቆየ አይብ ጋር ይስማማል። ነጩ ወይን ትኩስና የሚያነቃቃ ሲሆን፣ ቀዝቀዝ ብሎ ከባሕር ምግቦች ጋር ቢቀርብ ይመረጣል።»

ለራስዎ ይጠንቀቁ። ብቻዎን አይሁኑ፤ ጎረቤት አያጡ።

ሁልጊዜ የሚያስብዎት ልጅዎ፣ ዲያቆን ኃይለየሱስ

*

ይህችን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላውቅም። መጀመሪያ ያሰጋኝ ሰላምታው ነው። እንዲህ ረዝሞ አያውቅም። ደግሞ ጽናቱን ያብዛልዎት ይላል። ጽናት የሚለመነው ለሐዘንተኛ ነው። እኔ ምን አዘንኩ?

ወደ በርበሬ በረንዳ ይዣት ሄድኩ። ጠሂራ ሚጥሚጣ ትሰፍር ነበር። ብርሃኔ ያለውን አነበብኩላት። መስፈሪያዋን አስቀምጣ «እንደገና አንብቢው» አለችኝ። እንደገና አነበብኩት።

«ኮረሪማ የለበትም?»

«የለበትም።»

«አንድም ሰው አልሰደበም?»

«ማንንም።»

«ይሄ ልጅ ወይ ታሟል ወይ ተምሯል» አለች።

«ተምሮም ይሆናል» አልኳት። «ዘጠኝ ወር ሆነው። ቼሪ የሚሉትን ፍሬ እዚያ በልቶት ይሆናል።»

«ይብላዋ። እኔ ቼሪ አይብላ አላልኩም። ሚዛኑን የጠበቀ የሚለው ግን የብርሃኔ አፍ ነው? ብርሃኔ ሚዛን ካየ፣ የማን ሚዛን እንደሚሰርቅ ይነግርሻል እንጂ።» ሳቅ አልሳቀችም። «እሱ መሆኑን ለማወቅ አንድ መንገድ አለ» አለችኝ። ከጓዳ ሁለት እፍኝ በርበሬ አመጣች። ከተሰበረ ጡብ ላይ ፍቃ አንድ እፍኝ የሸክላ ዱቄት ቀላቀለችበት። ዓይን ፈጽሞ አይለየውም።

«ይህን ላኪለት» አለች። «ብርሃኔ ከሆነ፣ ክዳኑን ሳይከፍት ከዚያው ሆኖ ይሰድበኛል።»

*

አዲስ ከተማ፣ ኅዳር 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለዲያቆን ኃይለየሱስ፣

እንደምን አለህ? ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ስለ ጸሎትህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ለብርሃኔ በርበሬ ልኬለታለሁ። ጠሂራ በእጇ ያዘጋጀችው ነው። አደራ የምልህ፣ በእጅህ ስጠው፤ እፊትህ ከፍቶ ያሽትተው። ከየትኛው ወይን ጋር እንደሚሄድም ይንገረኝ። ያለውን ቃል በቃል ጻፍልኝ፤ ስድብ ቢሆንም አታስቀርብኝ።

በለጥሻቸው

*

አቴና፣ ኅዳር 27 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለምወድዎት፣ ለማከብርዎት እናቴ ለእትዬ በለጥሻቸው፣

የሰማይና የምድር ጌታ በቀኙ ይጠብቅዎት። በሐሳብዎም በአካልዎም ሰላም ያድርግዎት። ቅዱሳን ሁሉ በዙሪያዎ ይቁሙ።

በርበሬው ደርሷል። ብርሃኔ ከፍቶ ባሸተተው ጊዜ እጅግ ደስ አለው። «የእትዬ ጠሂራ በርበሬ እንደ ጥንቱ ነው፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ በርበሬ በዓለም የለም። ከቀዩ ወይን ጋር ይስማማል» ብሏል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጠይቅዎት። እዚህ በክርስትና ስም እየጠሩ የሚጸልዩ ኢትዮጵያዊ አባት አሉ። ብርሃኔን በጸሎት እንዲያስቡት ፈልጌ ነበር። የክርስትና ስሙን ቢጽፉልኝ? ከታኅሣሥ 14 በፊት ቢደርሰኝ መልካም ነው።

የሚያስብዎት፣ ዲያቆን ኃይለየሱስ

*

የሸክላ በርበሬውን «ንጹሕ» አለው። ለጠሂራ ስነግራት የሱቋን መዝጊያ ገጠመች። በቀትር ሱቅ ዘግታ አታውቅም።

ከበርበሬው የባሰብኝ ግን የስሙ ነገር ነው። ሕያው ሰው ቢሆን ዲያቆኑ ራሱን አይጠይቀውም? ብርሃኔ ክርስትና የተነሣው ጎጃም ነው፤ ያነሣው የክርስትና አባቱ ሞቷል፤ ያጠመቁት ቄስም አርፈዋል። ከእኔና ከልጄ በቀር ስሙን የሚያውቅ የለም። ልጄን መጠየቅ ትቶ ወደ እኔ ከመጣ፣ ልጄ አይመልስም ማለት ነው። የታኅሣሥ 14 ነገርም ነበረ። ጣቴን እያጠፍኩ ወደ ኋላ ሰማንያ ቀን ቆጠርኩ፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ወደቀ። ለቀማው ጊዜ ላይ።

ይህን ሁሉ አውቄ ደግሞ አላመንኩም። ስሙን ካልሰጠሁ አይሞትም የሚል ነገር በልቤ ገባ። ይህ ስንፍናዬ ነው፤ በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

*

አዲስ ከተማ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለዲያቆን ኃይለየሱስ፣

ደብዳቤህ ደርሷል። የልጄን የክርስትና ስም አልጽፍልህም። ስሙን ከፈለግህ እሱን ጠይቀው። እሱ ይነግርሃል።

ልጠይቅህ። ሰው በክርስትና ስሙ የሚጠራው መቼ መቼ ነው? ሲጠመቅ፣ ሲቆርብ፣ ሌላስ? አንተ ዲያቆን ነህ፣ ከእኔ ታውቃለህ።

አያትህና አባቴ በአንድ እናት ጡት ያደጉ ናቸው። በእነሱ አጥንት ይዤሃለሁ። በሚቀጥለው ደብዳቤህ ስለ ወይን አንድ ቃል እንዳትጽፍልኝ።

በለጥሻቸው

*

መልስ አልመጣም። ሙሴ ፓንዴሊ ለገና አንድ ጆንያ ምርጥ ዘቢብ በጋሪ ላከልኝ፤ ያላዘዝኩት ነው። ለቀምኩት። አንድ ጠጠር አልነበረበትም። ቄስ ገብረ ኢየሱስ በመንገድ ሲያዩኝ መስቀሉን ከሩቅ እያሳዩኝ ያልፋሉ። ጎረቤቶቼ ሳላስበው ድንች ልጠውልኝ፣ ውኃ ቀድተውልኝ ይሄዳሉ። ሁሉም ደግ ሆነብኝ። ገናን ያሳልፉልኝ ኖሯል፤ በበዓል መርዶ አይነገርምና። በሦስተኛው ቀን መጡ።

*

አቴና፣ ጥር 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእትዬ በለጥሻቸው፣

መርዶው እንደደረሰዎ ቄስ ገብረ ኢየሱስ ጽፈውልኛል። አሁን እውነቱን መጻፍ እችላለሁ።

መስከረም 24 ቀን ነው። አዲሱ ወይን በጉድጓዱ ውስጥ ይፈላ ነበር። ወይን ሲፈላ የሚያወጣው አየር ከታች ይተኛል፤ ሰው ይገድላል። ሠራተኞች ሲወርዱ ሻማ ያስቀድማሉ፤ ሻማው ከጠፋ አይወርዱም። ብርሃኔ ሻማ አልፈለገም። «አየሩ ከተበላሸ አሸትተዋለሁ» ብሎ ወረደ። እትዬ፣ ያ አየር ሽታ የለውም።

ጌትዮው ከልክዬው ነበር ይላሉ። ሠራተኞቹ ማንም አልከለከለውም ይላሉ። እኔ አልነበርኩም። የማውቀው ይህንኑ ነው፤ አሁንም ሌላ ጨምሬ አልዋሽዎትም።

ለምን አልነገርከኝም ይሉኛል። መርዶ በወረቀት አይላክም ብዬ በጥቅምት መጀመሪያ ለቄስ ገብረ ኢየሱስና ለሙሴ ፓንዴሊ ጻፍኩ። እነሱ ዛሬ ነገ ሲሉ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ። ባልመልስ ይሰጋሉ፤ ብመልስ ምን ልበል? ለወይን ገዢዎች ከሚሰጥ ወረቀት ላይ ገልብጬ ጻፍኩ። ስጽፈው የብርሃኔ እንዳልሆነ እኔም አውቄዋለሁ። እሱ የሚለውን ለማለት ሞክሬ ነበር፤ አልመጣልኝም።

በርበሬውንም የበላሁት እኔ ነኝ። ሦስት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ሆነን በልተን ሁላችንም ታመምን። ሽሮው ነው ስንል ነበር። ቄስ ገብረ ኢየሱስ ጠሂራ የነገረቻቸውን ሲጽፉልኝ ነው የገባኝ።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ሲቀበር የመንደሩ ቄስ ጸልየውለታል፤ እኔም ዳዊት ደግሜያለሁ። አርባውንና ሰማንያውን ኢትዮጵያዊው አባት ፍትሐት አደረጉለት። ስሙ ጋ ሲደርሱ ግን ብርሃኔ ነው ያሉት፤ ሌላ አላወቅንም። እኚሁ አባት «እግዚአብሔር የራሱን ያውቃል» ብለውኛል። እኔ ግን እስካሁን ይከብደኛል።

ይቅር ይበሉኝ አልልም። ስሙን ግን ይጻፉልኝ።

ኃይለየሱስ

*

አዲስ ከተማ፣ ጥር 29 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለዲያቆን ኃይለየሱስ፣

ደብዳቤህን አንብቤያለሁ። አልረግምህም። ያጠፋኸው በአገር ወግ ነው፤ ወጉን የሠራነው እኛው ነን። እኔም አጥፍቻለሁ፤ ስሙን ስትለምነኝ ከለከልኩ። በአርባው ባትጠይቀኝም በሰማንያው ጠይቀኸኝ ነበር። የልጄ ሰማንያ ያለ ስሙ ያለፈው በእኔ ነው።

ጌትዮው ከለከለው ወይስ አልከለከለውም የሚለው ከልቤ አይወጣም። ሙሴ ፓንዴሊን ፊት ለፊት ጠየቅሁት። «ወንድሜ ጥሩ ናት» አለኝ። ናት አለ፤ ነበረች አላለም። ከዚያ ወዲህ ዘቢብ የምገዛው ከሌላ ነው።

ስሙን በሌላ ወረቀት ጽፌ በዚሁ ፖስታ አድርጌያለሁ። ለሙት ዓመቱ ይድረስለት።

በለጥሻቸው

*

ዛሬ መስከረም 20 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። የልጄ ሙት ዓመት አራት ቀን ቀርቶታል። ደብዳቤዎቹን የገለበጥኩት ክረምቱን ሙሉ ነው፤ በቀን ሦስት አራት መስመር እየጻፍኩ። ሰው ሁሉ የሸሸገኝን ለሰው ሁሉ ላሳይ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። ስሙን ለአንድ ሰው ከለከልኩ፤ አሁን ለብዙ ሰው ልስጠው ብዬ ነው።

ጠሂራ በራሷ ወግ ዱዓ ታደርግለታለች። ስሙን ብነግራትም ብርሃኔ ነው የምትለው፤ ሌላ ስም አልለመደባትም። ከእሷ ፊት ብርሃኔ ይበቃል ብያለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ግን፣ በየደብራችሁ ቅዳሴ ስታስቀድሱ፣ ካህኑ ያረፉትን ነፍሳት በሚያስብበት ሰዓት፣ ከዘመዶቻችሁ ስም ቀጥላችሁ አንድ ስም ጨምሩልኝ። በባዕድ አገር መሬት ውስጥ ተኝቷል፤ አባት የለውም፣ ወንድም የለውም፣ ስሙን ቀድሞ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። ነፍሱን በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልኝ በሉልኝ፤ በስሙም ጥሩልኝ።